ጓሩልዮስ፦ ከሳኦ ፓውሎ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥቶ ከተማዋን ለማየት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ከአዲስ አበባ ወደ ሳኦ ፓውሎ ትኬት የቆረጠ ሰው የሚያርፈው ሳኦ ፓውሎ ውስጥ አይደለም። አውሮፕላኑ የሚቀመጠው የራሷ ከንቲባ፣ የራሷ ካቴድራልና የራሷ ታሪክ ባላት ጓሩልዮስ በምትባል ከተማ ነው። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የብራዚል ሕዝብ ቆጠራ 1.29 ሚሊዮን ገደማ ነዋሪ ተቆጥሮባታል፤ በሳኦ ፓውሎ ክፍለ ሀገር ከዋናዋ ከተማ ቀጥላ ሁለተኛዋ ናት። የተቆረቆረችው በ1560 በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ሲሆን አውሮፕላን ማረፊያው የተከፈተው በጥር 1985 ነው። ከተማዋ ከአውሮፕላን ማረፊያው 425 ዓመት ትቀድማለች ማለት ነው። ያም ሆኖ በዓመት ከ40 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ ያልፍባታል፤ አብዛኛው አንድ መንገዷን እንኳ አይረግጥም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በጓሩልዮስ ረጅም ትራንዚት ላለው፣ አንድ ሌሊት ለሚያድር ወይም ወደ ሌላ የብራዚል ከተማ ከማለፉ በፊት አንድ ቀን ለተረፈው ሰው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደዚህ ስለሚበር ጉዳዩ ብዙ አንባቢን ይመለከታል።

አንደኛ፦ ከአገር ሳይወጡ የሚያልቁ ነገሮች

ቪዛ ይቀድማል። የኢትዮጵያ መደበኛ ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ብራዚል ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የብራዚል ኤምባሲ አዲስ አበባ ውስጥ አለ። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም ከሚያዝያ 10 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ የእነሱ በኢንተርኔት ይወጣል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮችና የእስራኤል ፓስፖርት ያላቸው ለአጭር ጉብኝት ያለ ቪዛ ይገባሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትራንዚት ላይ ነው። ከዓለም አቀፍ መንገደኞች ክልል ሳይወጡ ወደ ሦስተኛ አገር የሚቀጥሉ ከሆነ ቪዛ ላይጠየቁ ይችላሉ፤ ያ ግን ከበሩ ውጭ አያወጣዎትም። ከነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ቁጥጥሩ ጠብቋል፤ ቪዛ ሳይኖረው በትራንዚት የመጣ ሰው ወይ ጉዞውን ይቀጥላል፣ ወይ ወደመጣበት ይመለሳል። ስለዚህ ከተማዋን ለማየት ካሰቡ ቪዛው ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት መታሰብ አለበት። ሁለት በረራዎች በተለያየ ትኬት ከተቆረጡም ሻንጣን ተቀብሎ እንደገና ማስረከብ ሊያስፈልግ ይችላል። ይህ ደግሞ ወደ አገሩ መግባትን፣ ማለትም ቪዛን ይጠይቃል።

ሁለተኛው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ለሚመጡ መንገደኞች የክትባት ካርድ ትጠይቃለች፤ ብራዚል ከእነዚህ አንዷ ናት። ካርዱ የሚያስፈልገው ሲመለሱ ስለሆነ ይረሳል። ከጓሩልዮስ በስተሰሜን ያለው የካንታሬራ ጫካ ራሱ ለመከተብ ምክንያት ነው፦ በ2017 መጨረሻ በካንታሬራ በቢጫ ወባ የሞቱ ጦጣዎች ተገኝተው ፓርኩ ለሕዝብ ተዘግቶ ነበር። ክትባቱ እንዲሠራ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት።

ሦስተኛው ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ሌሊቱን ያበላሻል። የብራዚል ሶኬት ሦስት ክብ ቀዳዳዎች ያሉት ሲሆን ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ነው። ሁለት ቀጫጭን እግር ያለው የስልክ ቻርጀር ያለ ችግር ይገባል። ወፍራም እግርና ክብ ራስ ያለው፣ እኛ አገር ለላፕቶፕ የተለመደው መሰኪያ ግን አይገባም፤ እግሩ ለተራው ሶኬት ቀዳዳ ይወፍራል፣ ክብ ራሱም ከጉድጓዱ ጋር አይገጥምም። አስማሚ ይዘው ይሂዱ። የኤሌክትሪክ ኃይሉ በአብዛኛው 127 ቮልት ነው። ቻርጀርዎ ላይ «100–240» የሚል ከተጻፈ አይጨነቁ፤ ለ220 ብቻ የተሠራ የፀጉር ማድረቂያ ወይም ካውያ ግን ቤት ይቅር።

ሰዓትን በተመለከተ ደስ የሚል ነገር አለ። ብራዚል በ2019 የበጋ ሰዓት ለውጥን ስለተወች በአዲስ አበባና በጓሩልዮስ መካከል ያለው ልዩነት ዓመቱን ሙሉ 6 ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት ካለዎት አይንኩት። አዲስ አበባ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን ጓሩልዮስ ላይ በእነሱ አቆጣጠር ከሌሊቱ 2 ነው፤ እጅዎ ላይ ያለው ሰዓት የብራዚልን ሰዓት በትክክል ያሳያል። የባቡርና የበረራ ሰሌዳዎች በ24 ሰዓት ስለሚጻፉ ከቀትር በኋላ 12 መደመርን ብቻ አይርሱ።

ሁለተኛ፦ ስንት ሰዓት በእጅዎ አለ?

አውሮፕላኑ ከሚያርፍበት እስከሚቀጥለው በረራ ያለውን ጊዜ ይውሰዱ። ከዚያ ላይ ለፓስፖርት ቁጥጥርና ለመውጫ 2 ሰዓት፣ ለመመለሻ ደግሞ ከበረራው በፊት 3 ሰዓት ይቀንሱ። ደርሶ መልስ መንገዱ 1 ሰዓት ይወስድብዎታል ብለው ያስቡ። 9 ሰዓት ትራንዚት ያለው ሰው ስለዚህ ከተማው ውስጥ የሚቆየው 3 ሰዓት ነው።

ከ7 ሰዓት በታች ከሆነ አይውጡ። ከ7 እስከ 11 ሰዓት ካለዎት ጓሩልዮስ ላይ ይቆዩ። ሳኦ ፓውሎ መሃል ከአውሮፕላን ማረፊያው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ርቀቱ አጭር ቢመስልም በቲዬቴ ወንዝ ዳር ያለው አውራ ጎዳና ሥራ መግቢያና መውጫ ላይ ሲዘጋ ጊዜውን ሁሉ ይበላል። በችኮላ ሳኦ ፓውሎ ደርሶ አንድ ሕንፃ በመስኮት አይቶ ከመመለስ ጓሩልዮስ ላይ ተረጋግቶ ምሳ መብላት ይሻላል። ሳኦ ፓውሎን ለማሰብ ከ11 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል።

ቀጣዩ በረራዎ የአገር ውስጥ ከሆነ የአውሮፕላን ማረፊያውን ኮድ ደግመው ያንብቡ። የጓሩልዮስ «ጂ አር ዩ» ነው። «ሲ ጂ ኤች» ከተጻፈ ኮንጎኛስ ነው፤ እሱ ሳኦ ፓውሎ ከተማ ውስጥ፣ በሌላው በኩል ይገኛል። «ቪ ሲ ፒ» ደግሞ ካምፒናስ ሲሆን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በትኬት ሽያጭ ገጾች ላይ ሦስቱም «ሳኦ ፓውሎ» ተብለው ሊወጡ ስለሚችሉ በዚህ የተነሳ በረራ ያመለጠው ሰው ብዙ ነው።

ሆቴልም እንዲሁ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ነው የተባለ ማረፊያ ከፓስፖርት ቁጥጥሩ በፊት ይሁን በኋላ ሳይጠይቁ አይክፈሉ፤ ቪዛ የሌለው ሰው ከውጭ ያለው ጋ አይደርስም፣ አገር ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ ከውስጥ ያለው ጋ አይደርስም።

ሦስተኛ፦ ከተርሚናሉ መውጣት

ሻንጣዎ እስከ መጨረሻው መድረሻ ተልኮ እንደሆነ አዲስ አበባ ላይ ሲያስረክቡ ይጠይቁ፤ በደረሰኙ ላይ ያሉትን ሦስት ፊደላትም ይዩ። ከባድ የእጅ ሻንጣ ካለ ተርሚናሉ ውስጥ በክፍያ የሚያስቀምጡበት ቦታ አለ፤ «ጓርዳ ቮሉሚስ» የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ።

ብር እዚያ አይመነዘርም ብለው ይነሱ። የዓለም አቀፍ ክፍያ የሚሠራ ካርድ ካለዎት ከዳቦ ቤት እስከ ገበያ መደብ ድረስ ይቀበሉዎታል። አገሬው «ፒክስ» በሚባል የስልክ ክፍያ ይጠቀማል፤ እሱ ግን የብራዚል ባንክ ሂሳብ ይፈልጋል። ጥቂት ዶላር ወደ ሪያል መንዝሮ መያዝ በቂ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ያለው ምንዛሪ ውድ ስለሆነ ለዕለቱ የሚበቃ ብቻ ይመንዝሩ።

የሲም ካርድ ምዝገባ «ሴ ፔ ኤፊ» የሚባለውን የብራዚል የግብር ከፋይ ቁጥር ብዙ ጊዜ ስለሚጠይቅ ለአንድ ቀን ጎብኚ ያደክማል። ስልክዎ ኢሲም የሚቀበል ከሆነ ከአገር ሳይወጡ ይግዙ። ይህንኑ ቁጥር የሱቅ ገንዘብ ተቀባዮችም ሁልጊዜ ይጠይቃሉ። «ሴ ፔ ኤፊ ና ኖታ?» ሲሉዎት ፓስፖርት ፍለጋ ቦርሳ አይክፈቱ፤ ደረሰኙ ላይ ቁጥርዎ ይጻፍ ወይ ማለታቸው ነው። «ናው» ይበሉና ይለፉ።

መውጫው ላይ «ታክሲ፣ ታክሲ» እያለ ሻንጣ ለመያዝ የሚመጣ ሰው ሲኖር አይከተሉ። ሕጋዊው ታክሲ ቋሚ መደብ አለው፤ የሚሄዱበትን ሰፈር ተናግረው ዋጋውን አስቀድመው ይከፍላሉ። በስልክ የሚጠሩት ኡበርና «99» ይረክሳሉ፤ ከመግባትዎ በፊት ታርጋውን ከስልኩ ጋር ያመሳክሩ።

ባቡር ሌላው አማራጭ ነው። መስመር 13 «ጃዲ» በመጋቢት 2018 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተ ሲሆን ሦስት ጣቢያ ብቻ አለው፦ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ጓሩልዮስ ሴካፒ፣ እና ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ያለው ኢንጀኜሩ ጉላር። ትኬቱ ከ5 ሪያል ትንሽ ከፍ ይላል፤ የሚከፈለው ከማሽኑ ወይም ከመስኮቱ ነው። ጣቢያው ያለው ከተርሚናል 1 ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። ከተርሚናል 2 እና 3 ለሚነሳ ሰው ነፃ ማመላለሻ ስላለ በእግር ልሂድ አይበሉ። ባቡሩ ቶሎ ቶሎ አይመጣም፤ ግማሽ ሰዓት ሊያስጠብቅ እንደሚችል አስበው ይነሱ። ወደ ሳኦ ፓውሎ መሃል ለሚሄድ ከሉዝ ጣቢያ ጋር የሚያገናኝ ፈጣን ባቡር አለ። እሱ ካለፈ በኢንጀኜሩ ጉላር ወደ መስመር 12 ይቀየራል።

አራተኛ፦ ከተማዋ ውስጥ ምን ይታያል?

በባቡር አንድ ጣቢያ ብቻ ተጉዘው ሴካፒ ላይ ይውረዱ። የፓርኪ ሴካፒ ሰፈር ከ1967 ጀምሮ ለሠራተኞች ቤት እንዲሆን የታቀደ ነው። ንድፉን ካወጡት ሦስት አርክቴክቶች አንዱ ፓውሎ ሜንዴስ ዳ ሮሻ በ2006 ለአርክቴክቶች የሚሰጠውን የፕሪትዝከር ሽልማት ያገኘው ነው፤ ሌሎቹ ቪላኖቫ አርቲጋስና ፋቢዮ ፔንቴያዶ ናቸው። ከታቀደው ግማሹ እንኳ አልተሠራም። የተሠራው ግን ቆሞ ሰው ይኖርበታል። አዲስ አበባ ላይ ኮንዶሚኒየም ያየ ሰው ወዲያው የሚያስተውለው ልዩነት አለ። ሕንፃዎቹ ባለ ሦስት ፎቅ ብቻ ናቸው፤ ሙሉ በሙሉ በምሰሶ ላይ ስለቆሙ ምድር ቤቱ ባዶ ነው። በዝናብ ቀን ልጆች ከሥሩ ይጫወታሉ፣ ሰው ከአንዱ ብሎክ ወደ ሌላው ጥላ ሳይዝ ይሻገራል። የብሎኮቹ ስብስቦች በብራዚል ክፍለ ሀገሮች ስም ተጠርተዋል፤ አድራሻ ሲጠይቁ «ፓራና ነው የምኖረው» የሚል መልስ ቢያገኙ ሌላ ክልል አይምሰልዎት። የሰው መኖሪያ ስለሆነ መስኮትና ሰው ላይ ካሜራ አያነጣጥሩ።

ከዚያ በመኪና ወደ መሃል ከተማ ይሂዱ። የእመቤታችን ፅንሰት ካቴድራል በቴሬዛ ክሪስቲና አደባባይ ላይ ነው፤ ከተማዋ የተጀመረችው እዚህ አካባቢ ነው። አጠገቡ ያለው የዶም ፔድሮ ዳግማዊ መንገድ የልብስና የጫማ ገበያ ነው፤ በሥራ ቀን ይሂዱ፣ እሁድ ሱቁ ዝግ ነው። ከመሃሉ ብዙ ሳይርቅ ቦስኪ ማያ የሚባለው መናፈሻ አለ። ከአሥር ሰዓት በላይ በመቀመጫ ታስሮ ለመጣ እግር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ ዛፍ፣ ጥላና የእግር መንገድ አለው። አዳማስቶር የሚባለው የባህልና የትምህርት ማዕከል የቀድሞ የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ ቴአትር ወይም ዐውደ ርእይ ካለ ጎራ ይበሉ።

ለዕቃ ግዢ ኢንተርናሲዮናል የሚባለው የገበያ ማዕከል በዱትራ አውራ ጎዳና ዳር ይገኛል። ሕንፃው የኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና ፋብሪካ ነበር። የአማርኛ ፊደል ባለው ኦሊቬቲ ማመልከቻ ያስጻፈ አንባቢ ጣሪያውን ቀና ብሎ ቢያይ አይቆጭም።

ሙሉ ቀን ካለዎት ወደ ሰሜን፣ ወደ ካንታሬራ ክፍለ ሀገራዊ ፓርክ የካቡሱ በር ይሂዱ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራ የኮንክሪት ግድብና ሐይቅ፣ የአትላንቲክ ደን እና የእግር መንገዶች አሉት። ረጅሙ ወደ ፏፏቴው የሚወስደው ነው። ሦስት ነገሮችን ይያዙ። የሚከፈትበትን ቀን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ሰው የሚገባበት በዋናነት ቅዳሜ፣ እሁድና በዓላት ነው። ደረቅ ጫማ አይበቃም፣ ጭቃ የሚችል ይሁን። መመለሻ መኪና ከመግባትዎ በፊት ይነጋገሩ፤ ጫካው ዳር የስልክ ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል።

በሐምሌ መጨረሻ አካባቢ ከደረሱ ግን ሌላውን ሁሉ ትተው ወደ ቦንሱሴሶ ይሂዱ። በከተማዋ ምሥራቅ ያለ ሰፈር ነው። በእነሱ ኦገስት የመጀመሪያው ሰኞ «ካርፒሳው» የሚባል በዓል ይከበራል፤ ቃሉ አረም ማረምና መሬት መመንጠር ማለት ነው። ምእመናኑ ከቦታው አፈር ይዘግናሉ፣ የሚያማቸው ሰውነት ላይ ያደርጉታል፣ ይዘውትም ቤተ ክርስቲያኑን ይዞራሉ። ከገዳም እምነት ተቀብቶ የተመለሰ ሰው ይህን ሲያይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ራስዎን ሸፈን አድርገው፣ ከሰልፉ ዳር ቆመው ይመልከቱ፤ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት በምልክትም ቢሆን ያስፈቅዱ።

የአየሩን ነገር አስቀድመው ይወቁ። ዝናቡ ከእኛ ጋር ተቃራኒ ነው፦ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ከሰዓት በኋላ ድንገት ይወርዳል፤ ሰኔና ሐምሌ ደረቅ ሆነው ጠዋቱ ይቀዘቅዛል። አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት ሰፈር ኩምቢካ ይባላል፤ ስሙ በቱፒ ቋንቋ ዝቅ ያለ ደመና ማለት እንደሆነ ይነገራል። በቀዝቃዛ ጠዋት ጭጋጉ በረራ ሊያዘገይ ስለሚችል ከማለዳ በረራ ጋር የተጣበበ ቀጣይ ጉዞ አይያዙ።

አምስተኛ፦ ምግብ

ቁርስ በ«ፓዳሪያ» ነው፤ ዳቦ ቤት ማለት ይሁን እንጂ ቡና፣ ጭማቂና ምሳም አለው። «ፓዉ ጂ ኬጁ» ከካሳቫ ዱቄትና ከአይብ የሚጋገር ትንሽ ክብ ዳቦ ነው፤ ትኩስ ካልሆነ አይግዙ። ቡናው ብዙ ጊዜ ስኳር ገብቶበት ይመጣል፤ ካልፈለጉ «ሴን አሱካር» ይበሉ።

ምሳ በ«ፖር ኪሉ» ይቀላል። ሰሃን አንስተው የፈለጉትን ይቀዳሉ፣ ሰሃኑ ይመዘናል፣ በክብደቱ ይከፍላሉ። ረቡዕና ቅዳሜ ፌዡዋዳ ይቀርባል፤ ጥቁር ቦሎቄ ከአሳማ ሥጋ ጋር የሚበስል ስለሆነ አሳማ የማይበላ ሰው ይጠንቀቅ። ከጎኑ የሚመጣው ቀጭን ተከትፎ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ቅጠል ግን ጎመን ነው፤ ከአገር ርቆ የሚገኝ ዘመድ።

ጿሚ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። «ሥጋ አልበላም» ሲሉ ዶሮ ወይም ዓሣ ያመጡልዎታል፤ ብዙ ሰው «ካርኒ» ሲል የበሬ ሥጋ ብቻ ማለቱ ነው። ተራው ቦሎቄ ውስጥም የአሳማ ሥጋ ቁራጭ፣ «ፋሮፋ» በሚባለው የተቆላ የካሳቫ ዱቄት ውስጥም ቅቤ ሊኖር ይችላል። በወረቀት ጽፈው ያሳዩ ወይም ቀስ ብለው ይናገሩ፦ «ሴን ካርኒ፣ ሴን ፍራንጉ፣ ሴን ቤኮን፣ ሴን ኦቩ፣ ሴን ለይቺ፣ ሴን ማንቴጋ»፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ ዶሮ፣ ያለ ቤከን (የአሳማ ሥጋ)፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ። ነጭ ሩዝ፣ ጎመን፣ ሰላጣና ፍራፍሬ ግን አይጠፉም። ሳምንታዊው የጎዳና ገበያ ካጋጠመዎት የሸንኮራ ጭማቂ እዚያው ሲጨመቅ ይጠጡ።

ስድስተኛ፦ መመለሻው

ስልክዎን መንገድ ዳር ቆመው አይክፈቱ። በብስክሌትና በሞተር እየነጠቁ መሮጥ የተለመደ ስለሆነ ካርታ ማየት ካስፈለገ ሱቅ ውስጥ ይግቡ።

ከበረራው 3 ሰዓት ቀድመው ተርሚናሉ ላይ ይገኙ። አርብ ማታ ከሆነ አንድ ሰዓት ይጨምሩ። ተርሚናል 2 እና 3 ውስጥ ለውስጥ በእግር ይገናኛሉ፤ ተርሚናል 1 ግን ለብቻው ነው። ለሾፌሩ የተርሚናሉን ቁጥር ይንገሩት።

ሻንጣ ሲያስረክቡ የሚከተለውን ሳያደርጉ አይለፉ። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ብራዚላውያን ሴቶች በጓሩልዮስ በኩል አልፈው ፍራንክፈርት ሲደርሱ በስማቸው ኮኬይን ያለበት ሻንጣ ተገኝቶ 38 ቀን ታሰሩ። የሻንጣ መለያቸው ተነቅሎ ሌላ ሻንጣ ላይ መለጠፉ የተረጋገጠው በካሜራ ምስል ነው። ስለዚህ ሻንጣዎን ከአራቱም ጎን፣ ሚዛኑ ላይ እንዳለ ኪሎው እየታየ፣ ከዚያም መለያው ከተለጠፈበት በኋላ ፎቶ ያንሱ። የመለያውን ቁራጭ እስከ ቤትዎ ድረስ አይጣሉ። የሌላ ሰው ዕቃ፣ አንድ ፓኬት ቡናም ቢሆን፣ አይቀበሉ፤ የለመነው የአገር ልጅ ቢሆንም፣ «ለእናቴ አድርሺልኝ» ቢልም። በዚህ መስመር ላይ እንዲህ ያለ አደራ የብዙ ሰው ዕድሜ እስር ቤት እንዲያልቅ አድርጓል።

የቢጫ ወባ ካርዱን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከፓስፖርቱ ጋር ይያዙት፤ ቦሌ ሲደርሱ የሚጠየቁት ከሻንጣ መቀበያው በፊት ነው።